ዘንዶው ሲመጣ ምን ይከፈት? ለምናብ ጨዋታ ሙዚቃ ስንመርጥ

ቅዳሜ ማታ ነበር። አምስት ሆነን ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ ከበናል። ጨዋታውን የምመራው እኔ ነኝ። ተጫዋቾቼ በታሪኩ ውስጥ ድልድይ ላይ ጎብሊን ከሚባሉ የተረት ጭራቆች መንጋ ጋር ሊፋለሙ ነው። ስፒከሩን አስተካከልኩና የምወደውን ሄቪ ሜታል ለቀቅኩት። ጊታሩ ገባ፣ ድራሙ ተከተለ፣ እኔም ወኔዬ ተነሳ። ከዚያ በኋላ የሆነው ይሄ ነው፦

«ስንት አወጣሽ?»

«ምን?»

«ዳይሱ! ስንት መጣ?»

«አሥራ ሰባት!»

«ሰባት?»

«አሥራ ሰባት ነው ያልኩህ!»

ጎብሊኖቹ ሳይሞቱ በር ተንኳኳ። የታችኛው ቤት እማማ ናቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ደረጃውን ወጥተዋል። «ልጆቼ፣ ምነው? ተጣላችሁ እንዴ?» አሉ። ምን ብዬ ላስረዳቸው? «ጎብሊን መጥቶብን ነው» አይባል።

ከዚያ ወዲህ ለጨዋታ የሚሆን ሙዚቃ ሳድን ብዙ ቅዳሜዎች አልፈዋል። አንዳንዱ ሠርቷል፣ አንዳንዱ ጨዋታውን ገድሎታል። እናንተም እንደኔ ጠረጴዛ የምትመሩ ከሆነ፣ ወይም ለመጀመር እያሰባችሁ ከሆነ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያወጡት ነው። ዛሬ ብዙ ዘመዶች አሉት። አንድ ሰው ተረኩን ይመራል፣ ሌላው እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፣ አጠራጣሪውን ነገር ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይወስናል። ካርታና ትንንሽ ምስሎች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ግን ግዴታ አይደሉም። ጨዋታው የሚሄደው በአፍ ነው። ሙዚቃ ላይ የምንጠነቀቀውም ለዚህ ነው። ከወሬው ጋር የሚሻማ ሙዚቃ ጨዋታውን ይበላዋል።

የኔ ትልቁ ስህተት ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ማድረጌ ነበር። ማነሳሳት ሌላ ነው፣ ማጀብ ሌላ ነው። የሚያነሳሳ ሙዚቃ ማለት ለብቻችሁ ሆናችሁ የቅዳሜውን ታሪክ ስታሰናዱ የምትሰሙት ነው። እሱ ጆሮን ሙሉ በሙሉ ቢወስድ ችግር የለም፣ እንዲያውም ይውሰድ። የሚያጅበው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ ሰው እያወራ፣ ከሥር የሚሄደው ነው። በአንዱ ጎበዝ የሆነ ሙዚቃ በሌላው ብዙ ጊዜ ሰነፍ ነው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን ሁሉ በዚህ ዓይን እዩዋቸው።

ሮክና ሜታል፦ ከጨዋታው በፊት

ሮክና ይሄ ጨዋታ ያደጉት በአንድ ሰፈር ነው። ጨዋታው ከመታተሙ 5 ዓመት በፊት፣ በ1969፣ ሌድ ዜፕሊን በአንድ የመንገድና የፍቅር ዘፈናቸው ውስጥ ከደራሲው ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ልቦለድ የጨለማውን አገር ሞርዶርንና ጎለም የተባለውን ፍጡር በስማቸው ጠርተዋል። ብላክ ሳባዝ በ1970 በመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ስለ አንድ አስማተኛ የዘፈኑት ከዚሁ ከቶልኪን አስማተኛ ከጋንዳልፍ ተነስተው ነው። የእንግሊዙ ደራሲ ማይክል ሙርኮክ ደግሞ በሁለቱም ቤት ይገኛል። ጋይጋክስ በ1979 ባወጣው የጨዋታ መሪዎች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያነሳሱትን ደራስያን ሲዘረዝር ሙርኮክን አስገብቶታል። ይኸው ሙርኮክ ነፍስ ስለሚጠጣው ጥቁር ሰይፉ ከብሉ ኦይስተር ከልት ጋር ዘፈን ጽፏል፤ በ1980 ወጣ። ያው ሰይፍ አንዴ በዳይስ፣ አንዴ በጊታር ይወዛወዛል።

ከዚህ ጎራ አንድ ዘፈን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ሬንቦው በ1976 «ራይዚንግ» በተባለው አልበማቸው ያወጡትን «ስታርጌዘር» እሰጣችኋለሁ። ስምንት ደቂቃ ከግማሽ ገደማ ነው። ዘፋኙ ሮኒ ጄምስ ዲዮ ነው፣ ጊታሩ የሪቺ ብላክሞር። መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን ይንከባለልና ጊታሩ ከባድ ድንጋይ እንደሚጎትት ሰው ይገባል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ አስማተኛ ወደ ኮከብ ልብረር ብሎ ሕዝብ በባርነት ሰብስቦ የድንጋይ ግንብ ያሠራል። የሚዘፍነው አስማተኛው አይደለም፣ ከባሮቹ አንዱ ነው። 9 ዓመት ጀርባው ተሰብሯል፣ ውሃ ጠምቶታል፣ ግን እሱም ያምናል። ግንቡ ያልቃል። አስማተኛው ጫፉ ላይ ይወጣል። መብረሩ ቀርቶ ይወድቃል።

ይሄን ዘፈን ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው የሰማሁት። ሲያልቅ ሦስት ጥያቄ ጽፌ ነበር። ግንቡን ማን ይወርሰዋል? በማግስቱ ባሮቹ ወዴት ይሄዳሉ? እየወደቀ ሳለ ያየው ሁሉ በእርግጥ ሞቷል ብሎ ይምላል? ከነዚህ ከሦስቱ የአራት ወር ጨዋታ ወጣ። ተጫዋቾቼ በረሃ መሃል ባዶ ግንብ ያገኛሉ፣ ዙሪያውን የባሮቹ ልጆች ከተማ ሠርተዋል፣ አንድ ጭሰኛ ሽማግሌ ደግሞ «አልወደቀም፣ በርሯል» እያለ ይሰብካል። ዘፈኑን ግን ጠረጴዛ ላይ አንድም ቀን አልከፈትኩትም። ከፍቼው ቢሆን ሁሉም የዲዮን ድምፅ ይሰሙ ነበር እንጂ ሽማግሌውን የሚሰማ አይኖርም።

ሜታል ወደ ጠረጴዛ የማይመጣው ስለሚጮህ ብቻ አይደለም። ግጥም አለው። ሰው እያወራ ሌላ ሰው ሲዘፍን ጆሮ ይከፈላል። እኛ የምንጫወተው በአማርኛ ነው፣ በየመሃሉ እንግሊዝኛ ጣል እያደረግን። የእንግሊዝኛ ግጥም ትንሽ ይታገሠናል፤ ቃሉን ሳንሰማ ማለፍ እንችላለን። የአማርኛ ዘፈን ግን ጨርሶ አይሆንም። አንዴ ተከፍቶ ሁለቱ ተጫዋቾቼ አብረው መዝፈን ጀመሩ፣ በታሪካችን ውስጥ ያለችውን ምርኮኛ የሚያስታውስ ጠፋ።

አንድ ለየት ያለ አለ። ብላይንድ ጋርዲያን የተባሉ ጀርመኖች በ1992 ያወጡት ስለ ባርዶች የሚዘፈን ለስለስ ያለ ሥራ አላቸው። በአብዛኛው ኤሌክትሪክ የሌለው ጊታርና የሰው ድምፅ ነው። ባርድ ማለት የኛ አዝማሪ ማለት ነው፤ በጨዋታውም ራሱን የቻለ ሙያ አለው፣ በዜማው አስማት ይሠራል። ተጫዋቾች መጠጥ ቤት ሲገቡና አንዱ ባርድ ሲሆን ያንን ዘፈን ዝቅ አድርጎ መክፈት ያምራል። ያኔ ዘፈኑ ራሱ የታሪኩ አካል ነው፤ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚዘፍነው ሰው ነው። ዘፈን ጠረጴዛ ላይ ልክ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

የፊልም ማጀቢያ ወይስ የቪዲዮ ጌም?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፊልም ማጀቢያ ነው። እኔም ሄጃለሁ። ሃዋርድ ሾር ከቶልኪን ልቦለድ ለተሠሩት ለ«የቀለበቶቹ ጌታ» ፊልሞች፣ ከ2001 እስከ 2003 ለወጡት ለሦስቱ፣ የሠራውን ሙዚቃ የማይወድ ሰው አላጋጠመኝም። ለማጀቢያው ብቻ ሁለት ጊዜ ኦስካር ወስዶበታል። ለእያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ዜማ አለው፤ ለገበሬዎቹ ሆቢቶች ዋሽንትና ቫዮሊን፣ ለጨለማው ሠራዊት ብረትና ከበሮ።

ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለት ችግር ያመጣል። የመጀመሪያው፣ የፊልም ሙዚቃ የተሰፋው በሥዕሉ ልክ ነው። ተዋናዩ ዞር ሲል ዞር ይላል፣ በር ሲከፈት ይፈነዳል። የኔ ተጫዋች ደግሞ ያን ሰዓት ዳቦ ስንት ነው ብላ ትጠይቃለች። መለከቱና መዘምራኑ ሰማይ ሲያናጉ ነጋዴው «ሁለት ሳንቲም ነው እመቤቴ» ይላል። ሳቃችንን መቆጣጠር አቃተን። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉም ፊልሙን አይተውታል። ዋሽንቱ ገና ሲነፋ የኔ መንደር ይጠፋና የእነሱ መንደር ይመጣል። ሦስት ቀን የለፋሁበት የተራራ ከተማ በአራት ኖታ ከእጄ ወጣ።

የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ የተሠራበት መንገድ ሌላ ነው። አቀናባሪው ተጫዋቹ መቼ ዋሻው እንደሚገባ አያውቅም። ሁለት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል፣ ሁለት ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሙዚቃው መታገሥ አለበት፤ ሲደጋገም የማይሰለች፣ ድንገት የማይጮህ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር የሚገጥም። ጠረጴዛም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

ጄረሚ ሶል ለ2011ዱ ስካይሪም የሠራውን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ዋናው ዜማ የታወቀው በመዘምራኑ ነው። 30 ሰው ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ተደራርቦ 90 እንዲመስል ተደርጓል፤ የሚዘምሩትም ለጌሙ በተፈጠረ የዘንዶዎች ቋንቋ ነው። እሱን ለጠረጴዛ አልመክርም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የምመክረው በሌሊት በበረዶው ላይ ስትሄዱ የሚሰማውን ጸጥ ያለውን ነው። ረጃጅም የክር ድምፅ፣ ራቅ ያለ ፒያኖ፣ ብዙ ባዶ ቦታ። ሰው እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ያወራል።

የፖላንዶቹ የ2015 ዊቸር 3 ከዚህ ይለያል፤ ፐርሲቫል የተባለው የባህል ባንድ ስለተሳተፈበት ጩኸትም፣ ሸካራ ክርም፣ ከበሮም አለው። ለፍልሚያ ጥሩ ነው፤ በሰላሙ ሰዓት ግን ያስቸግራል። ቦሪስላቭ ስላቮቭ ለ2023ቱ ባልደርስ ጌት 3 የሠራው ደግሞ ለዚህ ጨዋታ የሥጋ ዘመዱ ነው፣ ጌሙ የተሠራው በራሱ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ ነውና። ቆንጆ ነው። ግን አንድ ዜማ ደጋግሞ ይመላለስበታል፤ ተጫዋቾቻችሁ ጌሙን የጨረሱ ከሆነ ከሾር ጋር የገጠመኝ እዚህም ይገጥማችኋል።

ስለዚህ ከሁለቱ ለጠረጴዛ የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ እመርጣለሁ፣ ተጫዋቾቹ ያልተጫወቱትን ጌም። ከፊልሞች የማስቀረው አንድ ብቻ ነው፤ ባዚል ፖሌዱሪስ ለ1982ቱ ኮናን የሠራውን። ፊልሙ ንግግር የሌለባቸው ረጃጅም ትዕይንቶች ስላሉት ሙዚቃው ሳይቆራረጥ ይሄዳል። የኔ ተጫዋቾች ፊልሙን አላዩትም። እሱም ረድቶኛል።

ኦርኬስትራ፦ ለአንድ ትዕይንት

ክላሲካል ሙዚቃ ለአራት ሰዓት ማጀቢያ አይሆንም። ሲፈልግ ይንሾካሾካል፣ ሲፈልግ ይጮሃል፣ ከስፒከሩ ጋር ስትታገሉ ትውላላችሁ። ለአንድ ትዕይንት ግን የሚያክለው የለም፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለውና። እሱን እንደ ሰዓት መጠቀም ይቻላል።

ይሄን የተማርኩት በግሪግ ነው። የኖርዌዩ ኤድቫርድ ግሪግ «ፔር ጊንት» ለተባለው ተውኔት፣ በ1876 ለታየው፣ የተራራው ንጉሥ አዳራሽ ውስጥ ያለውን ትዕይንት ሲያጅብ የሠራው ቁራጭ ነው። ስትሰሙት ታውቁታላችሁ። በወፍራም ክሮች በጣት እየተነካ፣ በሹክሹክታ ይጀምራል። አንድ ትንሽ ዜማ ብቻ ነው ያለው። ያው ዜማ ይደገማል፣ ይፈጥናል፣ ይወፍራል፣ በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ ይተራመሳል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ተውኔቱ ውስጥ ጀግናውን የከበቡት ትሮሎች፣ የተራራ የተረት ጭራቆች፣ ናቸው።

እኔም ተጫዋቾቼን ትሮሎች ዋሻ ውስጥ ከተትኳቸው። ዕንቁውን አንስተዋል፣ መውጫው ሩቅ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ «ሙዚቃ እከፍታለሁ። ሳያልቅ ካልወጣችሁ በሩ ይዘጋል።» ያን ያህል ረጋ ብሎ ሲጀምር ሳቁ። አንዷ ሻይዋን ፉት አለች። አንድ ደቂቃ ሲሞላ የሚስቅ አልነበረም። «እሮጣለሁ!» «እኔ ገመዱን እቆርጣለሁ!» «ተራዬ ነው፣ ተራዬ ነው!» ዳይስ ሶፋ ሥር ገባ። አንዱ በሆዱ ተኝቶ በስልክ መብራት እየፈለገ «ዐሥራ አራት! ዐሥራ አራት ነው የሚታየኝ!» ብሎ ጮኸ። የመጨረሻዎቹ ምቶች ሲወርዱ ሦስቱ ወጥተው ነበር። አራተኛውን ለማውጣት ሌላ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን።

ሙታን ለሚነሱበት ሌሊት ካሚል ሴን-ሳንስ በ1874 የሠራውን የአጽሞች ጭፈራ ፈልጉ። ሃርፑ፣ የፈረንጆቹ በገና፣ 12 ጊዜ ይመታል፣ እኩለ ሌሊት ነው። ከዚያ ቫዮሊኑ ይነሳል፣ ሆን ተብሎ አንድ ክሩ ዝቅ ተደርጎ ስለተቃኘ ጆሮ ይከረክራል። አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ በዛይሎፎን ይሰማል። በስተመጨረሻ ዶሮ ይጮሃል፣ ሁሉም ወደ መቃብሩ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። ጉስታቭ ሆልስት በ1914 የጻፈው «ማርስ» ደግሞ ሠራዊት ሲመጣ ይሆናል። በአምስት ምት ስለሚሄድ እግር አይይዝለትም፤ የሚመጣው ሰው እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ዳንጀን ሲንትና የአካባቢ ድምፅ

እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው፤ ሥራቸው ቀላል ነው።

ዳንጀን ሲንት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኖርዌይ ብላክ ሜታል ጓሮ የበቀለ ነው። ሞርቲስ የሚባለው፣ ቀድሞ የኢምፐርር ባንድ ቤዝ ተጫዋች የነበረው ሰው፣ ብቻውን በሲንተሳይዘር ረጃጅም የምድር ቤትና የግንብ ሙዚቃ መሥራት ጀመረ። ስሙ የተለጠፈለት ዘግይቶ ነው። ድምፁ ርካሽ ኪቦርድ ይመስላል፣ ቅጂው ያረጀ ካሴት። መጀመሪያ ስሰማው «ይሄ ምን ቀልድ ነው?» ብዬ ነበር። ካርታ ስስል ግን ዛሬም እሱን ነው የምከፍተው። ጠረጴዛ ላይ ለዋሻ ይሆናል፣ ለሌላ አይሆንም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሰማችሁት ይከብዳል።

የአካባቢ ድምፅ ሙዚቃ አይደለም፦ ዝናብ፣ ገበያ፣ የመጠጥ ቤት ጫጫታ፣ የመርከብ ሲጢጥታ። ቴብልቶፕ ኦዲዮ የሚባለው ድረ ገጽ 10፣ 10 ደቂቃ የሆኑ ቅጂዎችን በነፃ ይሰጣል። ሲሪንስኬፕ የሚባለው የአውስትራሊያዎቹ መተግበሪያ ደግሞ ድምፁን ሳታቋርጡ በየቁራጩ እንድትጨምሩና እንድትቀንሱ ያደርጋል፤ ሙሉውን ለማግኘት ግን ወርሃዊ ክፍያ አለው። ለጀማሪ የመጀመሪያው ከበቂ በላይ ነው። ሙዚቃ መምረጥ ያስፈራው ሰው ከዚህ ቢጀምር አይሳሳትም፤ ዝናብ ማንንም አስቆጥቶ አያውቅም። እኛ ክረምት ላይ እሱንም አንከፍትም። ቆርቆሮው ራሱ ይሠራዋል።

የድሮ መሣሪያዎች፣ እና የበገናው ነገር

በ2003 የተመሠረተው የኖርዌዩ ዋርድሩና የፍየል ቀንድ እየነፋ፣ የጥንት ላየር እየመታ፣ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ ጭምር ይዘፍናል። ቃሉ ስለማይገባን ግጥሙ አያስቸግርም፤ ድምፁ እንደ አንድ መሣሪያ ይሆናል። ላየር ስላችሁ ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። ከክራርና ከበገና ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። እንግሊዝ አገር ሰተን ሁ ከተባለው ቦታ ከንጉሥ መቃብር የወጣው የ7ኛው መቶ ዓመት ላየር 6 ክር ነው፤ ባለ 6 ክር ክራር የያዘ ሰው አጠገቡ ቢቆም ዘመዱን ያውቀዋል።

ይሄን ሳውቅ «እንግዲያው የራሳችንን ለምን አንከፍትም?» አልኩ። ቅዱሱ ዋሻ ጋ ሲደርሱ በገና ከፈትኩ። ለቦታው ከዚህ የተሻለ ድምፅ ያለ አይመስለኝም። 10 ክር፣ ከክሩ ሥር በምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ በእንዝራዋ፣ የተነሳ ያ ንብ የመሰለ እዝዝታ። ተጫዋቾቼ ዝም አሉ። በጣም ዝም አሉ። አንዷ ዳይሱን አስቀመጠች። ሌላው ሥጋ የነካ እጁን በሶፍት ጠረገ። «ምነው?» አልኩ። «ጾም የገባ መሰለኝ» አለች።

ትክክል ናት። በገና ለእኛ የዐቢይ ጾም ድምፅ ነው፣ የአባት ቤት ድምፅ ነው። ኦስሎ ውስጥ የሚጫወት ሰው ቢከፍተው የሩቅ ዘመን ዋሻ ይታየው ይሆናል። እኛ ግን ከዋሻው ወጥተን ቤተ ክርስቲያን ገባን። የሾር ዋሽንት መንደሬን የወሰደብኝ በዚሁ መንገድ ነበር፤ ሙዚቃው ብቻውን አይመጣም፣ ትዝታውን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንድ ሙዚቃ ከመምረጤ በፊት «ቆንጆ ነው?» ብዬ አልጠይቅም። «እነዚህ አራት ሰዎች ይሄን የት ነው የሰሙት?» እላለሁ። መልሱ «የትም» ከሆነ ይገባል። እንግዲህ ለእኛ ዋርድሩና ይሠራል፣ በገና አይሠራም። ኖርዌይ ያለ ቡድን ተቃራኒውን ቢያገኝ አይገርመኝም። ክራር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያለ ዘፈን፣ ክሩ ብቻ ሲሆን፣ ለገበያና ለሰፈር ትዕይንት በደንብ ሄዶልኛል። ደግሞም በገናውን ለሌላ ጊዜ አልጣልኩትም፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሞት ያ ዝምታ ያስፈልገኛል።

ስልክ፣ ስፒከርና ማስታወቂያ

ሙዚቃውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ይሄን የምለው ዘንዶዬ ስለሞተብኝ ነው። የስድስት ወር ጠላታቸው ነበር። የመጨረሻው ምት አረፈበት፣ ክንፉ ተዘረጋ፣ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ የመጨረሻ ቃሉን ልናገር ስል ከስፒከሩ «አሁኑኑ ይደውሉ፣ ልዩ ቅናሽ!» የሚል ማስታወቂያ ወጣ። በቀጥታ ከኢንተርኔት ነበር የከፈትኩት። ዘንዶው እስከ ዛሬ «ልዩ ቅናሽ» ነው የሚባለው። ኔትወርክ ሲጠፋም ያው ነው። መብራት ቢሄድ እንኳ ስልክና ትንሽ ስፒከር ይበቃሉ፤ በሻማ መጫወት እንዲያውም ጨዋታውን ያደምቀዋል።

ብዙ ፕሌይሊስት አታብዙ። እኔ 12 ሠርቼ ነበር፤ «ደን ቀን»፣ «ደን ሌሊት»፣ «ደን ዝናብ» እያልኩ። ተጫዋቾቼ ሲጠብቁ እኔ ስልክ ላይ አጎንብሼ ስፈልግ ታየኝ። አሁን ሦስት ብቻ አሉኝ፦ የሰላም፣ የጭንቀት፣ የፍልሚያ። እያንዳንዱ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይሆናል። ከነሱ ውጪ ለዚያ ሌሊት የመረጥኩት አንድ ልዩ ቁራጭ ይኖራል፣ እንደ ግሪጉ።

የድምፁን ልክ የማውቀው እንዲህ ነው። ከጠረጴዛው ዳር ካለው ተጫዋች ጋር በተለመደው ድምፄ አወራለሁ። ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ሙዚቃው በዝቷል። ስፒከሩን ጠረጴዛው ላይ አታስቀምጡት፣ ከኋላችሁ ወይም ጥግ ላይ ይሁን። እማማም ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ማለቴ፣ መጥተዋል፤ ቡና ሊጠሩን።

ጨዋታችሁን ቀርጻችሁ ኢንተርኔት ላይ የምትለቁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የፊልምና የጌም ሙዚቃ ባለቤት አለው፣ ቪዲዮአችሁ ድምፁ ይዘጋል ወይም ይወርዳል። ግሪግን የመሳሰሉት ከሞቱ ቆይተዋል፣ ድርሰታቸው ነፃ ነው፤ የተቀዳበት ቅጂ ግን ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ኬቨን ማክላውድ ስሙን እስከጠቀሳችሁ ድረስ በነፃ የምትጠቀሙባቸውን ብዙ ሥራዎች ለቋል፤ ከሱ ጀምሩ።

መቼ ይጠፋል?

እስካሁን የትኛውን ክፈቱ ነው ያልኩት። የመጨረሻው ምርጫ ግን ሁሉንም መዝጋት ነው፤ እኔም አንድ ሌሊት ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ አላደርገውም። ለሁለት ሰዓት ከሥር የሚሄድ ድምፅ ካለ ጆሮ ይለምደዋል፣ ማንም አይሰማውም። ሲቆም ግን ሁሉም ይሰማዋል።

ባለፈው ወር ተጫዋቾቼ የግንቡ ጫፍ ደረሱ። ያ አስማተኛ የወደቀበት ቦታ ነው። የጭንቀቱ ፕሌይሊስት ዝቅ ብሎ እየሄደ ነበር። በሩን ገፉት። ሽማግሌው «በርሯል» ሲለው የከረመው አስማተኛ እዚያ ተቀምጧል፣ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ሰድጄ ስልኩን አጠፋሁት። ፍሪጁ ሲንቋረር ተሰማ። ከታች የእማማ ቴሌቪዥን፣ ዜና ነው መሰለኝ። ማንም ዳይስ አላነሳም። ከዚያ ያቺ ሁሌ ዳቦ ስንት ነው የምትለው ተጫዋች ወደ እኔ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ይተነፍሳል?» አለች።